ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ዳለስ፣ በራስዎ ጎማ

እናትዎ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያሳርፋቸዋል። እህት ወንድሙ፣ የሰፈር ሰው፣ የማኅበር ጓደኛው ሁሉ ለመቀበል ተዘጋጅቷል፤ አበባው ታዟል፣ መኪናም ተመድቧል። ለእርስዎ ግን የተሰጠዎት ሥራ የለም። «አንቺ ለምን ትንገላቻለሽ? እኛ ተቀብለናት እንመጣለን፣ ቤት ሆነሽ ጠብቂን» ተብለዋል።

ክፋት የለበትም፣ ከፍቅር ነው። ዊልቸርዎን አጥፎ መጫኑ፣ እርስዎን ደግፎ ማስገባቱ፣ በዚያ ላይ የእናትዎ ሻንጣዎች የት እንደሚገቡ ማሰቡ ከብዷቸው ይሆናል። ፍቅራቸውን ይቀበሉ። ውሳኔያቸውን ግን አይቀበሉ። እናትዎ ከስንት ዓመት በኋላ ከዚያ በር ብቅ ሲሉ ቀድመው ሊያዩት የሚገባው የእርስዎን ፊት ነው።

እዚያ የሚያደርስዎት ባቡር ደግሞ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በቀዩ መስመር ይሳፈራሉ፣ ሜትሮ ሴንተር ይወርዳሉ፣ እዚያው ወደ ሲልቨር መስመር ይቀይሩና አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ይሄዳሉ። አንድ ቅያሪ ብቻ ነው። የሲልቨር መስመር ዳለስ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ነው፤ ከዚያ በፊት ባቡሩ ሬስተን ላይ ያበቃ ስለነበር የቀረውን መንገድ በሌላ መጓጓዣ መጨረስ ግድ ነበር። የዋሽንግተን ሜትሮ 98 ጣቢያዎች አሉት፤ ሁሉም ሊፍት አላቸው። ይህ በየከተማው የሚገኝ ነገር አይደለም። ኒውዮርክ ካሏት 472 የምድር ባቡር ጣቢያዎች አብዛኞቹ ዛሬም በዊልቸር አይገባባቸውም። እርስዎ ያሉበት ከተማ በዚህ በኩል የታደለ ነው፤ በዕድልዎ ይጠቀሙ።

መንገዱ ካለ የሚቀረው ዕቅድ ነው። ብዙ ሰው ዕቅድ ሲባል የፈሪ ወይም የከፍተኛ ጥንቁቅ ሰው ሥራ ይመስለዋል። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ዕቅድ «ማን ይወስደኛል?» ከሚለው ጥያቄ መገላገያ ነው። ያቀደ ሰው የማንንም መኪና ደጅ አይጠናም።

ዕቅዱን ከመጨረሻው ይጀምሩ። አብዛኞቻችን ከቤታችን በር ተነስተን ስለምናስብ ገና ጣቢያው ጋ ስንደርስ ሐሳባችን ይደክማል። እርስዎ ከተርሚናሉ ይነሱና ወደ ኋላ ይምጡ። ተርሚናሉንና የባቡር ጣቢያውን የሚያገናኘው ከመሬት በታች የተሠራ የእግረኛ መተላለፊያ ነው። ከእሱ በፊት የዳለስ ጣቢያ ሊፍት አለ። ከዚያ በፊት ሜትሮ ሴንተር ላይ፣ ከላይኛው ከቀዩ መስመር ወደ ታችኛው ሲልቨር መስመር የሚያወርድዎት ሊፍት። ከዚያ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ወደ ባቡሩ የሚያወጣዎት። በመጨረሻ ከቤትዎ እስከ ጣቢያው ያለው የእግረኛ መንገድ። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩት። «እንዴት አድርጌ ነው ያን ሁሉ ከተማ የማቋርጠው?» የሚለው ትልቅ ጭንቀት ጥቂት ሊፍትና አንድ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጥቂት ሊፍትን ደግሞ ማንም ይችለዋል።

የእግረኛ መንገዱን አይናቁት። ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ባቡር ውስጥ ሳይሆን ከቤት ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ዝቅ ያላለበት ቦታ ላይ ወይም የግንባታ አጥር በተዘረጋበት ነው። በረዶ በጣለ ሰሞን ደግሞ መንገድ ጠራጊው መኪና የገፋው ክምር ልክ ዊልቸር የሚወርድበትን ማዕዘን ይዘጋዋል።

ሊፍት እንደማንኛውም መሣሪያ ይበላሻል። ሜትሮ በየትኛው ጣቢያ የትኛው ሊፍት እንደቆመ በድረ ገጹ ያሳውቃል፤ በስልክም ይነገርዎታል። ሁለት ጊዜ ይዩት፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊት አንዴ፣ ከቤት ሲወጡ አንዴ። ለረጅም ጥገና የተዘጋ ሊፍት ማታውኑ ይታወቃል፣ ድንገት የቆመው ግን የሚታየው ጠዋት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ሌላም ነገር ያጣሩ፦ ሐዲድ ሲጠገን አንዳንድ ጣቢያዎች የሚዘጉት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቀናት ነው።

ሜትሮ ሴንተር ላይ ያለው ሊፍት ቢቆምስ? ከዚያ አንድ ጣቢያ ቀደም ብለው ጋለሪ ፕሌስ ይውረዱ፣ በአረንጓዴው ወይም በቢጫው መስመር ላንፋንት ፕላዛ ይድረሱ፣ ሲልቨርን ከዚያ ይያዙ። አንድ ቅያሪ ይጨመራል፣ መድረስዎ ግን አይቀርም። የሚወርዱበት ጣቢያ ሊፍት ቆሞ ሌላ መንገድ ካጡ ደግሞ ሜትሮ ሊፍቱ ከሚሠራበት ጣቢያ በመኪና የማድረስ ግዴታውን ያውቃል፤ የጣቢያውን ኃላፊ ይጠይቁ፣ መኪናው ይጠራል። ይህ ውለታ ስላልሆነ ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉ።

ከበረራው ቀን አስቀድሞ ባለው ሳምንት፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት አንድ የልምምድ ጉዞ ያድርጉ። እንደ እኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሰው የሚቀበልበት ቀን የመማሪያ ቀን አይሆንም፤ ልብዎ እናትዎ ዘንድ ስለሚሆን ሊፍት ለመፈለግ ትዕግሥት አይኖርዎትም። ዳለስ ድረስ ከከበደዎት ለመጀመሪያው ዩኒየን ስቴሽን ደርሰው ይመለሱ። በዚያው ሰሞን ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የሜትሮ መታወቂያ ያውጡ፤ የጉዞ ሂሳብዎን በግማሽ ይቀንስልዎታል። የሐኪም ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ለመጨረሻው ቀን አይተውት።

በልምምዱ አንድ ነገር ላይ ጊዜ ይውሰዱ፣ አገባብዎ ላይ። በመሳፈሪያው ጠርዝና በባቡሩ ወለል መካከል ክፍተት አለ። ትልቁ የኋላ ጎማ አይፈራውም። የሚያያዘው ከፊት ያለው ትንሹ ጎማ ነው፤ በተለይ ሰያፍ ሆነው ከገቡ ዞር ይልና ክፍተቱ ውስጥ ይሰነቀራል። ስለዚህ በሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ሰው ወርዶ ይለቅ፣ ከዚያ ሳያመነቱ በአንድ ግፊት ይሻገሩ። በእጅ የሚገፋ ዊልቸር ከሆነና የፊቱን ጎማ ብድግ ማድረግ ከቻሉ የበለጠ ይቀልልዎታል፤ ካልቻሉ ጀርባዎን ሰጥተው በትልቁ ጎማ መግባትም ያስኬዳል። የባቡሩ በር እንደ ሊፍት በር አይደለም፣ ሰው ሲነካው ይመለሳል ብለው አይመኑት። ሊዘጋ ሲል የሚሰማውን ድምፅ ከሰሙ ያንን ባቡር ይተውት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሚቀጥለው ባቡር እየመጣ ነው። ከገቡ በኋላ ፍሬን ይያዙ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ያጥፉት።

የሚሳፈሩበትንም ቦታ ይምረጡ። ሜትሮ ሴንተር ላይ ሊፍቱ በመሳፈሪያው በየትኛው በኩል እንዳለ በልምምዱ ቀን አይተው ይያዙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በዚያው በኩል ባለው ፉርጎ ይግቡ። ሲወርዱ ሊፍቱ አጠገብዎ ይሆናል፤ ያንን ሁሉ ሰው እየሰነጠቁ ማለፍ አይኖርም።

አሁን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ መሐል ከተማ ሲሄዱ ከሚያገኟቸው ጣቢያዎች አምስቱን ልብ ይበሉ። ሮድ አይላንድ አቬኑ፣ ዩኒየን ስቴሽን፣ ጁዲሺያሪ ስኩዌር፣ ጋለሪ ፕሌስ፣ ሜትሮ ሴንተር። ሜትሮው እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1976 ሥራ ሲጀምር ከእነዚህ መካከል አራቱና ፋራጉት ኖርዝ የተባለው ጣቢያ ተከፈቱ፤ ጋለሪ ፕሌስ ግን ተዘግቶ ቀረ፣ ባቡሩ ሳይቆም አለፈው። ምክንያቱ ሊፍቱ አለመጠናቀቁ ነበር። የሜትሮው ነዳፊዎች በመጀመሪያው ንድፋቸው ሊፍት አላስገቡም። ሕዝብ የሚገለገልበት በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ግንባታ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ይሁን የሚል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ፤ የዋሽንግተን ሜትሮም በሕጉ እንዲገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሻሻለ። ሕጉ ቢኖርም ሥራው ስላልተከተለ ሪቻርድ ሄዲንገር የተባለ የዊልቸር ተጠቃሚና አብረውት የቆሙ ሰዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። ዳኛው ጣቢያዎቹ ያለ ሊፍት እንዳይከፈቱ አዘዙ። ጋለሪ ፕሌስ የተከፈተው በዚያው በ1976 ዲሴምበር 15 ነው።

እንግዲህ እርስዎ ዛሬ ቁልፉን ሲጫኑ የሚመጣው ሊፍት ሰው ተከራክሮ ያመጣው ነው። በእሱ መሄድ ይገባዎታል ወይ ብለው ራስዎን አይጠይቁ። ጥያቄው ከ1976 በፊት ተመልሷል።

እናትዎ የሚመጡባትን ከተማ ደግሞ ያስቧት። አዲስ አበባ ውስጥ ዊልቸር ይዞ ሚኒባስ ታክሲ መሳፈር ማለት ወያላው «ቦታ የለም» እንዳይል መለመን፣ ወንበሩን ማጣጠፍ፣ በሰው ክንድ ተነስቶ መግባት ነው። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የሕንፃ አዋጁም ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖር ያዛል። እናትዎ ልጃቸው ብቻዋን ባቡር ይዛ ልትቀበላቸው ስትመጣ ያዩትን አገር ቤት ሲመለሱ ለጎረቤት ማውራታቸው አይቀርም። ወሬው ይሂድ፤ ይጠቅማል።

መንገድ ላይ ሰው ያስፈልግዎታል። መጠየቅ ልመና አይደለም፣ አጠያየቁን ግን ይወቁበት። «እርዱኝ» ብቻ ያሉት ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ዘሎ የዊልቸሩን እጀታ ይይዛል። ያኔ መሪው እሱ ይሆናል። በምትኩ ቁርጥ ያለውን ይንገሩት፦ «ይህን በር ይያዙልኝ»፣ «እኔ እስክገባ ሊፍቱን ያቁሙልኝ»፣ «እጀታውን ይልቀቁልኝ፣ ራሴ እገፋለሁ»። በተለይ የእኛ ሰው ልቡ ሩኅሩኅ ስለሆነ ከንፈር መምጠጥና «እግዚአብሔር ይማርሽ» ማለት ይቀናዋል። ምርቃቱን «አሜን» ብለው ይቀበሉና የሚፈልጉትን ይጠይቁ። ዳለስ ደግሞ አበሻ ሠራተኛ አያጡም፤ በአማርኛ ጠይቀው በአማርኛ ይመለስልዎታል።

ቀኑ ሲደርስ፣ ዊልቸርዎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን ሌሊቱን ሞልተው ያድራሉ፤ ብርድ ባትሪ እንደሚያደክም አይርሱ። ሰዓትዎን ከበረራው መድረሻ ሳይሆን የኢሚግሬሽንና የሻንጣ ወረፋን ጨምረው ያስሉት፤ የተረፈው ጊዜ ለሊፍት ብልሽት መጠባበቂያ ይሆናል። መጸዳጃ ቤት የሚጠቀሙበትን ቦታም በወረቀቱ ላይ ያስገቡ፣ ይህን ሰው ስለሚያፍር አያነሳውም፣ ብዙ ጉዞ ግን የሚበላሸው በእሱ ነው። ሰማዩ ከከፋ ወይም ሰውነትዎ ካልፈቀደ ሜትሮአክሰስ የሚባለው ከደጅ ወስዶ ደጅ የሚያደርስ አገልግሎት አለ፤ መመዝገብና ከዋዜማው ማስያዝ ይጠይቃል። እሱን መምረጥ ሽንፈት አይደለም፤ ምርጫው የእርስዎ እስከሆነ ድረስ።

እናቶቻችን እግራቸው ደህና ሆኖ ሳለ ቋንቋው እንዳያስቸግራቸው የዊልቸር አገልግሎት ይታዘዝላቸዋል። ስለዚህ እናትዎ ከመውጫው በር ብቅ የሚሉት ሠራተኛ እየገፋቸው ሊሆን ይችላል፤ ሁለታችሁም በእኩል ቁመት ትተቃቀፋላችሁ። የአየር ማረፊያው ዊልቸር ግን ባቡር ላይ አይወጣም። እናትዎ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በረራ በኋላ በእግራቸው የሚችሉትን ያህል አስቀድመው ይጠይቋቸው። ሻንጣው በወንድምዎ መኪና ይሂድ። እናትዎም ደክሟቸው ከሆነ በመኪናው ይሂዱ፤ «እኔ ከልጄ ጋር ነው» ካሉ ግን አብራችሁ ወደ ጣቢያው።

ለመመለስ ወደ መሐል ከተማ የሚሄደውን የሲልቨር ባቡር ይይዛሉ፣ ሜትሮ ሴንተር ወርደው ወደ ግሌንሞንት የሚሄደውን ቀይ ይሳፈራሉ። ሜትሮ ሴንተር ላይ የቀዩ መስመር ሁለት መሳፈሪያዎች ፊት ለፊት ተለያይተው ነው የተሠሩት፤ ሲሄዱ የወረዱበት ወገን ሲመለሱ የሚሳፈሩበት አይደለም፣ ሊፍቱም እንደዚያው። የመልሱን ሊፍቶች በወረቀቱ ጀርባ ለብቻቸው ይጻፏቸው፤ ጠዋት የሊፍቶቹን ሁኔታ ሲያዩም እነሱን አብረው ይዩ።