አሜሪካ አዲስ ለመጣህ ልጅ፦ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከመመዝገብህ በፊት

ልጄ፣ ዲቪ ደርሶህ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ስትገባ፣ ቡና ላይ የሚቀርብልህ ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አክስትህ «ነርሲንግ ተማር» ትልሃለች፤ የአክስትህ ልጅ ደግሞ «ገንዘቡ አይቲ ላይ ነው» ይልሃል። ሁለቱም ስላሰቡልህ ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ ትምህርቱ ሲያልቅ በእጄ ምን ይኖራል? እሱን ይዤስ፣ ዛሬ ባለኝ የመኖሪያ ወረቀት ማን ይቀጥረኛል? ይህን ሳትመልስ አትመዝገብ።

1. ኮሌጁን በስሙ አትናቀው። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደግሞ ኮሌጅ ነው?» የሚሉህ አይጠፉም። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና እኛ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሌጅ የሕዝብ ናቸው፤ ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲ በብዙ ያንሳል፣ የማታ ክፍልም አላቸው። ኖቫ ጀምረህ ዲግሪህን ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መጨረስም ትችላለህ። ቨርጂኒያ ከሆንክ ግን የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖርህን ማስረዳት ስላለብህ፣ የኪራይ ውልህንና የመንጃ ፈቃድህን ከወዲሁ በስምህ አድርግ።

2. ነፃ ገንዘብ እያለ ብድር አትፈርም። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ መሙላት አያስከፍልም፤ «ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህን እለፈው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ፔል ግራንት ያገኛል፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። ግሪን ካርድ ያለውና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ይፈቀድለታል፤ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ግን አይፈቀድለትም። የእኛ ልጆች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። ከ24 ዓመት በታች ሆነህ ካላገባህና ልጅ ከሌለህ፣ ቅጹ በጥቅሉ የሚጠይቅህ የወላጆችህን ገቢ ነው፤ አዲስ አበባ ቢኖሩም ገቢያቸው በዶላር ተመንዝሮ ይጻፋል። ያስጠጋህ አጎትህ የሚያገኘው እዚያ ውስጥ አይገባም።

3. ነርሲንግን «የሴት ሥራ» ብለህ አትተወው፤ «ሥራ አይጠፋም» ስላሉህ ብቻም አትግባበት። መጀመሪያ ደረጃውን ለይ። ሲኤንኤ፣ ማለትም የረዳት ነርስ ሥልጠና፣ በሳምንታት ያልቃል፤ የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ብዙ ግዛቶች ይጨምሩበታል። ሥራው ማጠብ፣ መመገብ፣ ማገላበጥ ነው፤ ወገብ ይፈትናል። ፕራክቲካል ነርስ፣ ማለትም ኤልፒኤን፣ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ በአርኤን፣ ማለትም በሬጅስተርድ ነርስ፣ ወይም በሐኪም ሥር ሆኖ መድኃኒት ይሰጣል፣ ቁስል ያክማል። በ2023 የመንግሥት አኃዝ የሲኤንኤ መካከለኛ የዓመት ገቢ ወደ 38 ሺህ፣ የኤልፒኤን ወደ 60 ሺህ ዶላር ነበር። በሲኤንኤ ጀምረው በኦቨርታይም ተይዘው አሥር ዓመት እዚያው የቀሩ ብዙ ወገኖች አሉን፤ ሰነፎች ሆነው አይደለም፣ ያቺን አንድ ዓመት የሚሰጣቸው አጥተው ነው። ኤልፒኤን በብዛት የሚቀጠረው በአረጋውያን መጦሪያና በቤት ለቤት እንክብካቤ መሆኑንም እወቅ። ሆስፒታል ካማረህ ግብህ አርኤን ይሁን፤ ከኤልፒኤን ወደዚያ የሚያሻግር ትምህርት አለ።

ዲፕሎማው ብቻውን አያሠራህም። ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና አለ፤ ኮምፒውተሩ እንደ አመላለስህ እያከበደ ወይም እያቀለለ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ያቀርብልሃል። ብትወድቅ ቢያንስ 45 ቀን ትጠብቃለህ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ አጽድቆታል ወይ? ከተማሪዎቹስ ስንቱ በመጀመሪያው ፈተና ያልፋል? ሁለቱንም ቦርዱ ይፋ ያወጣል፤ ሄደህ እይ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በፍሎሪዳ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጣቸውን የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ አሳውቋል። ገዢዎቹ ከ10 እስከ 15 ሺህ ዶላር ከፍለዋል፤ በኋላ ፈቃዳቸውን የተነጠቁም አሉ። «ክፍል ሳትገባ እናስመርቅሃለን» የሚል ሰው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቢያገኝህም ሽሸው።

ሌላው ክሊኒካል የሚሉት፣ ሕሙማን ዘንድ የሚደረገው ልምምድ ነው። ብዙ ጊዜ ገና ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል፤ መቅረት ደግሞ ከፕሮግራሙ ሊያስወጣህ ይችላል። የሌሊት ሺፍት ጨርሰህ በቀጥታ ወደዚያ የምትሄድ ከሆነ፣ የሰው መድኃኒት የምትለካው በደከመ ዓይን ነው።

4. የአክስትህ ልጅ ካለው አይቲ ደግሞ ኔትዎርኪንግን እንይ። ኔትዎርኪንግ ኮምፒውተር መጠገን አይደለም። ማሽኖች እንዴት እንደሚገናኙ፣ መልእክት በራውተርና በስዊች መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ፣ ሲቋረጥም የት ጋ እንደተቋረጠ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ሰብኔቲንግ የሚሉት ሂሳብ ላይ ሲደርስ ነው። አንድ /26 ኔትዎርክ 64 አድራሻ አለው፤ አንዱ ለራሱ ለኔትዎርኩ፣ አንዱ ለብሮድካስት ይያዝና ለማሽን የሚተርፈው 62 ነው። ይህን ያለ ካልኩሌተር እስክትሠራው ተለማመድ። ሲስኮ ፓኬት ትሬሰር የሚባል መለማመጃ በነፃ ይሰጣል፤ ራውተር ሳትገዛ ስትሰብረውና ስትጠግነው ማምሸት ትችላለህ።

የክፍሉ ውጤት ብቻ አይበቃም፤ ቀጣሪ ሲሲኤንኤ ወይም ኔትዎርክ ፕላስ የሚባለውን የሙያ ሰርተፍኬት ይጠይቃል። የሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው፣ 120 ደቂቃ ይፈጃል፣ ካለፍክም በሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት። ትምህርቱ ትኩስ ሳለ ተፈተን። እቁብ ሲወጣልህ መኪና ከመቀየርህ በፊት ይህን ክፈል።

አሁን የአክስትህ ልጅ ያልነገረህን ልንገርህ። በዋሽንግተን ዙሪያ ካለው የኔትዎርክ ሥራ ብዙው የመንግሥት ወይም የመንግሥት ኮንትራት ነው፤ ከዚያም ብዙው የምስጢር ፈቃድ፣ እነሱ ክሊራንስ የሚሉትን፣ ይጠይቃል። ክሊራንስ ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፤ በግሪን ካርድ የገባ ደግሞ ለዜግነት በጥቅሉ አምስት ዓመት ይጠብቃል። አትማር ማለቴ አይደለም። ሆስፒታሎች፣ የግል ኩባንያዎች፣ አሽበርን ያሉት ዳታ ሴንተሮች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን አስብ። ነርሲንግ በዚህ በኩል ይቀላል፤ የመሥራት ፈቃድ ያለህ ነዋሪ ከሆንክ የዜግነት ጥያቄ አያቆምህም። እንደ እኔ፣ ቤተሰብ የምትረዳ ከሆነና ደም ማየት የማያስፈራህ ከሆነ ነርሲንጉ ይሻልሃል፤ ብቻህን ከሆንክና ችግር እስክትፈታ እንቅልፍ የማይወስድህ ዓይነት ልጅ ከሆንክ ኔትዎርኪንጉ።

5. ከክፍል ዝም ብለህ አትጥፋ። ሥራ ሲበዛ መምህሩን ሳያናግሩ መቅረት የእኛ ልጆች ልማድ ነው፤ ውጤቱ ኤፍ ነው። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በይፋ ብታቋርጥ ግን ደብልዩ ነው የሚጻፍብህ፣ አማካይ ውጤትህን አይነካም። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ከተመዘገብክበት ክሬዲት ብዙውን ጊዜ 67 በመቶውን ካልጨረስክ እርዳታህ ሊቆም ይችላል። ሙሉ ሥራ እየሠራህ አራት ክፍል ከምትወስድ ሁለት ወስደህ ጨርስ።

6. ይሉኝታህን ከቃለ መጠይቁ በር ውጭ ተወው። አገር ቤት ራሱን የሚያሞግስ ሰው ይናቃል፤ ጥሩ አስተዳደግ ነው። እዚህ ግን «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ስትል ጠያቂው ቃል በቃል ያምንሃል፣ እንደማትችልም ይጽፋል። «እኛ ሠራን» አትበል፤ አንተ የሠራኸውን በአንድ ምሳሌ አስረዳ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን አደረግህ፣ ምን ውጤት አመጣ። ፓርኪንግ ስትሠራ የተናደደ ደንበኛ ያረጋጋህበት ቀን ለነርሲንግ ቃለ መጠይቅ በቂ ምሳሌ ነው። ሬዙሜህ ላይ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ሃይማኖት፣ ያገባህ መሆንህ አይጻፍም። ዋቢ አድርገህ አጎትህንና የንስሐ አባትህን አትስጥ፤ መምህርህን ወይም አለቃህን ስጥ፣ አስቀድመህም አስፈቅዳቸው። ኮሌጁ ይህን ሁሉ የሚያለማምድ ቢሮ አለው፤ ለተማሪ ነፃ ነው፣ የእኛ ልጆች ደጁን አይረግጡትም።

7. ከአገር ቤት ያመጣኸውን የትምህርት ማስረጃ አስተርጉመህ አስገምግም፤ የተማርከው እንደ ክሬዲት ሊቆጠርልህ ይችላል። እንግሊዝኛህን የሚለካው ፈተና ዝቅ ቢያደርግህ አትፈር፤ ግባና ተማር። እህትህ አዲስ አበባ ካለች ዛሬ ደውልላት፤ ከተማርክበት ትምህርት ቤት የታሸገ ትራንስክሪፕት ታውጣልህ፣ ከዚህ ሆነህ ማስወጣቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል።