ላስታ፦ ድንጋይና ውሃ የሠሯት ምድር

የላሊበላ ስም በተነሣ ቁጥር አብዛኛዎቻችን የምናስታውሰው ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሕንፃዎቹን ከቆሙበት ምድር ነጥለን ካየናቸው ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ። አንደኛው፣ በእጅ መሣሪያና በሰው ጉልበት ይህን ያህል አለት መፈልፈል እንዴት ተቻለ? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ሥልጣኔ ያበበበት አገር በኋለኛው ዘመን ስለ ምን በድርቅና በረኀብ ተደጋግሞ ተጎዳ? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የላስታን መልክዓ ምድር፣ ታሪክና ምጣኔ ሀብት በአንድነት እንቃኛለን። የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ፣ ይኸውም ከድንጋይና ከውሃ ግንኙነት፣ እንደሚቀዳ ለማሳየትም እንሞክራለን።

አቀማመጥና ወንዞች

ላስታ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኝ ደጋማ አገር ናት። ላሊበላ ከተማ በሰሜን ኬክሮስ 12 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ወልድያ ናት። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከጋሸና የሚገነጠለው መንገድ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ ይደርሳል። በታሪክ «ላስታ» የሚለው ስም ዛሬ በዚህ ስም ከሚጠራው ወረዳ የሰፋ አገርን ያመለክት ነበር፤ ቡግናን የመሰሉ አጎራባች ወረዳዎችም ከእርሷ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በተራራው ራስ ላይ ጅብራ፣ አስታና ጓሳ ይበቅላሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮና በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ተከዜ የሚነሣውም ከእነዚሁ የላስታ ከፍታዎች ነው። ወንዙ ጥልቅ ሸለቆ እየቦረቦረ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በሱዳን ከአትባራ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ከናይል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብም የተሠራው በዚሁ ወንዝ ላይ ነው። እንግዲህ ላስታ ለሌሎች አገሮች ጭምር ውሃ የምትሰጥ ማማ ናት ማለት እንችላለን።

አለቱ እንዴት ተገኘ?

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዪቱ ሰሜን ኢትዮጵያ የምድር ቅርፊት ተሰነጣጥቆ፣ ከውስጡ የወጣው ቅልጥ አለት ሰፊ አገር አለበሰ። ፍሰቱ አንድ ጊዜ ወጥቶ የቆመ አይደለም፤ እየተደጋገመ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ የሄደ ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ባዛልት የተባለው አለት ይሆናል። በሸለቆዎቹ ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ የሚታዩት ሽንትሮች የእነዚህ ንብብሮች ጠርዞች ናቸው። ጠንካራው ንብብር ገደል ሆኖ ሲቀር ለስላሳው ተሸርሽሮ ተዳፋት ይሆናል፤ በዚህም አኳኋን አምባዎች ይፈጠራሉ።

ነገር ግን ባዛልት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቅልጡ በውስጡ የያዘው ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ከረጋ አለቱ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል። ስኮሪያ የሚባለው አለት እንዲህ ያለ ነው። ጋዙ ወጥቶለት የረጋው ግን ጥቅጥቅና ጠንካራ ይሆናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በጥቅጥቁ ባዛልት ላይ ከተነጠፈው ከቀዳዳማው አለት ነው። ቀይ መልኩም በአለቱ ውስጥ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ያመጣው ነው፤ በዛገ ምስማር ላይ የምናየው ዓይነት ለውጥ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። ጠራቢዎቹ የመረጡት ብረት የሚበሳውን፣ ነገር ግን ተፈልፍሎ በራሱ ለመቆም የሚችለውን አለት ነው። ይህ ምርጫ የአለትን ጠባይ ጠንቅቆ ከማወቅ የመጣ መሆን አለበት።

ዛጔዎችና የአለቱ ሥራ

የአክሱም ኃይል ከተዳከመ በኋላ የመንግሥቱ ማእከል ወደ ደቡብ ዞረ። ከአገው ሕዝብ የወጡት የዛጔ ነገሥታት ላስታን መናገሻቸው አድርገው እስከ 1270 እ.ኤ.አ. ገዙ፤ በዚያ ዓመት ይኩኖ አምላክ ሥልጣኑን ያዘ። ከዛጔዎቹ መካከል ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ በማፈራረቅ፣ በአክሱም ዘይቤ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በስሙ ይጠራል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ ደግሞ ቀድሞ ሮሐ ትባል ለነበረችው ከተማ ስሙን አውርሷል።

በከተማዋ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው። በሁለት ወገን የተከፈሉ ሲሆኑ ዮርዳኖስ የተባለው ቦይ ይለያቸዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ይቆማል። ከሁሉ ሰፊው ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲሆን ርዝመቱ 33፣ ስፋቱ 23፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው።

ሥራው ምን ያህል ድንጋይ ማንሣትን እንደሚጠይቅ ለመረዳት ቀላል ስሌት እንሥራ። በሕንፃው ዙሪያ 5 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሯል ብለን እናስብ። የውጪው አራት ማዕዘን 43 በ33 ሜትር፣ ማለትም 1,419 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ የሕንፃውን ስፋት 759 ካሬ ሜትር ብንቀንስ 660 ይቀራል፤ በ11 ሜትር ጥልቀት ብናባዛው 7,260 ሜትር ኩብ እናገኛለን። የአንድ ሜትር ኩብ አለት ክብደት 2 ቶን ነው ብንል ከ14,000 ቶን በላይ ይሆናል። ይህ የውስጡን ፍልፈል ሳይጨምር፣ ለአንድ ሕንፃ ብቻ የተገኘ ግምት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የተቆፈረው የት ገባ?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሥነ ቁፋሮ ጥናት የፍርስራሹን ክምር በመመርመር የፍልፈላውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳይቷል። እንግሊዛዊው አጥኚ ዴቪድ ፊሊፕሰንም ሕንፃዎቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያዩ ዘመናት ተሠርተዋል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ትውፊቱ ሥራውን ሁሉ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዘዋል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ግን ገና ምርምር የሚጠይቅ መስክ ነው።

ማእከሉ ወደ ሌላ ከዞረ በኋላም ላስታ ከታሪክ መድረክ አልወጣችም። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ሕንፃዎቹ በዝርዝር ጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር ቆላ የሚመጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ይሰራጭ ነበር። ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜም የዋግና የላስታ ሰው ነበሩ።

ከፍታ፣ ዝናብና እርሻ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። የአየር ሙቀት በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ከላሊበላ ከተማ እስከ አቡነ ዮሴፍ ራስ ያለው ልዩነት 1,700 ሜትር ያህል ስለሆነ በሁለቱ መካከል የ11 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ከማሽላና ከጤፍ አገር ተነሥተን፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበትን አልፈን፣ ገብስ ብቻ ከሚችለው ውርጭ እንደርሳለን። ይህ ልዩ ልዩነት ሀብት ነው፤ አንዱ ሲከፋ ሌላው ሊደግፍ ይችላልና።

ችግሩ ዝናቡ የሚወርድበት አኳኋን ነው። አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ይወርዳል፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ የሚታመን አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ሄክታር ተዳፋት ላይ በአንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 500,000 ሊትር ይሆናል። ተዳፋቱ ራቁቱን ከሆነ ይህ ውሃ አፈሩን ይዞ በሰዓታት ውስጥ ተከዜ ይገባል። እርከንና ዛፍ ካለበት ግን ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በቀዳዳማው አለት ውስጥ ወርዶ ጥቅጥቁ ንብብር ሲያግደው በምንጭነት ይወጣል። እንግዲህ ለፍልፈሉ የተመቸው የአለት አደራደር ለምንጭም ይመቻል፤ ውሃው እንዲሰርግ ጊዜ ካገኘ።

ለዘመናት የታረሰው ተዳፋት ይህን ጊዜ ለውሃው ሊሰጥ አልቻለም። በ1958 ዓ.ም. በዋግና በላስታ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በመላው ወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰው ረኀብ የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም። የተሟጠጠ አፈር፣ የመንገድ እጦትና የዘገየ የመንግሥት ምላሽ ተደምረው ያመጡት ጥፋት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ድጋፍ ከእርከንና ከተፋሰስ ሥራ ጋር ያያያዘው ይህን ለማስተካከል በማሰብ ነው።

በተራቆተ መሬት ላይም ቢሆን በቶሎ ውጤት ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ንብ ማነብ ነው። ከብት ከልካይ ካለው ተዳፋት አበባው ሲመለስ ንቡም ይመለሳል። ላስታ በማሯ የታወቀች ናት፤ ትውፊትም የንጉሥ ላሊበላን ስም ከንብ ጋር ያገናኘዋል።

የእንግዳ ገቢና አደጋው

በከተማዋ ግን ዋናው መተዳደሪያ እንግዳ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር ሰፈሩ። በሹምሽሃ ሜዳ ያለው አውሮፕላን ማረፊያም ሩቁን መንገድ አቀረበው። አስጎብኚው፣ ሆቴል ሠራተኛው፣ ዕደ ጥበብ ሠሪው፣ ለሆቴሎች እንቁላልና አትክልት የሚያቀርበው ገበሬ ሁሉ የዚህ ገቢ ተካፋይ ሆኑ።

በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቃነቅ ሁሉ ይነቃነቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ የውጭ እንግዳ ተቋረጠ። በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደረሰባት። ሕንፃዎቹ ቆመው ሳሉ ገቢው ጠፋ። በየዓመቱ ለገና በእግሩ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ፈጽሞ ባይተዋትም፣ የእርሱ መምጣት ብቻውን ዓመቱን ሙሉ ቤተሰብ አያስተዳድርም።

አለቱን የሚበላው ውሃ

ምሰሶው ራሱም ጥበቃ ይሻል። ለፍልፈል የተመቸው ቀዳዳማ አለት ለውሃም የተመቸ ነው። የዝናብ ውሃ በጥንት ስንጥቆች ይገባል፤ በአለቱ መበስበስ የተፈጠሩት የሸክላ ማዕድናት ሲርሱ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ይህ ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር ሲደጋገም ገጹ ይፈረፈራል። ጠራቢዎቹም አደጋውን ያውቁት ነበር፤ ውሃውን ከሕንፃዎቹ የሚያርቁ ቦዮችና መተላለፊያዎች ቆፍረዋልና።

ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያናዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው እድሳት ቀደም ሲል ተለቅልቆ የነበረው ሬንጅ እንዲነሣ ተደረገ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ የብረት መጠለያ ተተከለ። መጠለያው ዝናቡን ከለከለ፤ ይሁን እንጂ ክብደቱና ነፋስ ሲመታው የሚያሳድረው ጫና የአካባቢውን ሕዝብ አሳሰበ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ነዋሪው ስጋቱን በሰልፍ ገለጸ። በ2019 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት በጥበቃው ሥራ ለመተባበር ቃል ገብቶ አዲስ ጥናት ተጀመረ። ጥያቄው ውሃን መከልከል ብቻ አይደለም፤ አለቱ ከመጠን በላይ ሳይርስና ከመጠን በላይ ሳይደርቅ እንዲኖር ማድረግ ነው።

ማጠቃለያ

በላስታ አንድ ጠባይ ሁለት ፊት አለው። አለቱ ለመጥረቢያ እሺ ስላለ ቅርሱ ተገኘ፤ ለውሃም እሺ ስለሚል ቅርሱ ይፈርሳል። ከፍታው ዝናብ ይሰበስባል፤ ተዳፋቱ ያንኑ ዝናብ ያሳልፋል። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት፣ በአንባውም በእርሻውም ላይ ቀዳሚው ሥራ ውሃን በሥርዓት መምራት መሆኑን ነው። ተፋሰሱን የሚያጠና የውሃ ባለሙያ፣ ስንጥቁን የሚለካ የሥነ ምድር ተመራማሪና የምጣኔ ሀብት አጥኚ አንድ ገበታ ላይ ሊቀመጡ ይገባል። ከእናንተ ከተማሪዎች መካከል ይህን ሥራ የሚረከቡ እንዲወጡ እንመኛለን።

ለመሞከር፦ አንድ ቀዳዳማና አንድ ጥቅጥቅ ድንጋይ ፈልጉ። ሁለቱንም በፀሐይ በሚገባ አድርቃችሁ መዝኑ፤ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ላያቸውን ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑ። የክብደቱን ጭማሪ ለደረቁ ክብደት አካፍላችሁ በመቶኛ ግለጹ። ከሁለቱ የትኛው ለመፍለፍል፣ የትኛው ለመሠረት እንደሚሻል ከውጤቱ ተነሥታችሁ አስረዱ።