ባዶ ወንበር ሲኖር ማን ይሞላዋል?

የዕድራችሁ ዳኛ አረፉ እንበል። ከቀብር መልስ ምን ታደርጋላችሁ? ከጎረቤት ዕድር ዳኛ አትበደሩም። ልጃቸውንም «አባትህን ተካ» ብላችሁ አታስቀምጡም። ተሰብስባችሁ ሌላ ሰው ትመርጣላችሁ። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው። ልዩነቱ ወንበሩ ያለው አዲስ አበባ፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑ ነው።

ይህ ምክር ቤት ለአገሩ ሁሉ ሕግ ያወጣል። 547 ወንበሮች አሉት፤ 178ቱ የኦሮሚያ ናቸው። አገሩ በምርጫ ክልል ተከፋፍሏል። አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጊንጪም ሆነ ጌዶ ያለ ገበሬ የሚወከለው በራሱ ምርጫ ክልል በተመረጠ ሰው ነው።

ተወካዩ የሚመረጠው ለ5 ዓመት ነው። በመካከሉ ሊሞት ወይም በፈቃዱ ሊለቅ ይችላል። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ቢያጣበትም በሕግ መሠረት ይነሳል፤ ይኸ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተጽፏል። ያን ጊዜ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ ቢሆን ፓርቲው ከስም ዝርዝሩ ሌላ ሰው ይተካ ነበር። በኛ አገር ግን የዚያው ምርጫ ክልል ሕዝብ እንደገና ድምፅ ይሰጣል። ይኸ «ማሟያ ምርጫ» ይባላል። የጎደለውን መሙያ ማለት ነው።

አንድ የሆነ ነገር እንንገራችሁ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ 23ቱንም የአዲስ አበባ ወንበሮች ቅንጅት አሸነፈ። ነገር ግን በምርጫው ውጤት ብርቱ ጠብ ተነሳ። ከተመረጡት ብዙዎቹ ምክር ቤት አንገባም አሉ፤ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ። ወንበሮቹ ከሁለት ዓመት በላይ ባዶ ቆዩ። እስቲ አስቡት፤ ሕግ ሲወጣ፣ በጀት ሲጸድቅ፣ ለነዚያ ሰፈሮች እጁን የሚያነሳ ሰው የለም!

ማሟያ ምርጫው የተደረገው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከቀበሌና ከወረዳ ምርጫ ጋር ነው። ታዲያ ኅብረትና ኦፌዴን የሚባሉት ተቃዋሚ ፓርቲዎች «ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ» ብለው ከምርጫው ወጡ። ወንበሮቹን ከሞላ ጎደል ኢሕአዴግ ወሰዳቸው። ወንበሩስ ተሞላ። ግን አንድ በሬ ብቻ አቅርበው «አማርጥ» ቢሏችሁ፣ ገበያ ወጣሁ ትላላችሁ እንዴ?

ማሟያ ምርጫን ከ«ቀሪ ምርጫ» ጋር አታምታቱ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግ በትግራይ ድምፅ ስላልተሰጠ 38 ወንበሮች ባዶ ሆኑ። እዚያ የሞተም የለቀቀም ተወካይ የለም፤ ከመጀመሪያውም አልተመረጠም። ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በሶማሌና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተደረገውም ቀሪና ድጋሚ ምርጫ ነበር። «ድጋሚ» የሚባለው ድምፅ ተሰጥቶ እንደገና ሲደረግ ነው።

ማሟያ ምርጫ እንደ ትልቁ ምርጫ ብዙ አይወራለትም። ስለዚህ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቆም ብላችሁ አንብቡት። የመመዝገቢያው ቀን ካለፈ ካርድ የለም፤ ካርድ ከሌለ ድምፅ የለም። ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ስትቀበሉም እንደ ድሮው ምልክቱን ብቻ አትፈልጉ። የዕጩው ስምም ተጽፏል፤ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ።

መልመጃ፦ «ማሟያ»፣ «ቀሪ»፣ «ድጋሚ» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥራቸው በምክር ቤት የሚወክላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ።