ከማሳችን ወደ ገበታችን

በመስከረምና በጥቅምት ወራት የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ ጓሮ ሲታይ ደስ ያሰኛል። ጎመኑ ለምልሟል፤ ዱባው ከቅጠሉ ሥር ተጋድሟል፤ የባቄላው እሸት ደርሷል። በገበያ ቀን ግን የዚያው ቤት እመቤት እንቁላሉንና ቅቤውን፣ ከጥራጥሬውም የተሻለውን መርጣ ወደ ከተማ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ማካሮኒ፣ ስኳርና ብስኩት ይዛ ትገባለች። መሸጧ የሚነቀፍ አይደለም፤ የጨው፣ የሳሙናና የደብተር መግዣ ከሌላ ከየት ይመጣል? የዚህ ትምህርት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከመሸጡ በፊት ለቤቱ ሕፃን ምን ተቀመጠለት? የሚል ነው።

«ጎመን በጤና» የሚለው አነጋገራችን ጎመንን ሌላ ያጣ ሰው የሚጽናናበት ምግብ ያስመስለዋል። ይህ አስተያየት ብዙ ጐድቶናል ማለት ይቻላል። በጎመን ቅጠልና በቢጫ ዱባ ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለ፤ ይህ ቪታሚን የጎደለው ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ በሽታንም የመቋቋም ኃይሉ ይደክማል። ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው እንደ አሠራሩ ነው። በብዙ ቤት ጎመን ተከትፎ ይታጠባል፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ ውኃው ተጨምቆ ይደፋል። በውኃ የሚሟሟው ቪታሚን አብሮ ተደፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ሳትከትፉ እጠቡት፤ በጥቂት ውኃ ድስቱን ከድናችሁ ለአጭር ጊዜ አብስሉት፤ ውኃውንም አትድፉት። ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት፤ ያለ ቅባት ያ የቪታሚን ኤ ምንጭ በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም። ዱባውንም በሽንኩርትና በዘይት ወጥ ብትሠሩት ልጆች በፍቅር ይበሉታል፤ ጣፋጭ ነውና።

እንጀራን በሽሮ መብላት እናቶቻችን በትምህርት ቤት ሳይማሩ ያገኙት ጥበብ ነው። የጤፍም ሆነ የስንዴ ፕሮቲን ሊሲን የተባለው ክፍል ያንሰዋል፤ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ደግሞ ሊሲን አላቸው። ጥራጥሬው የሚጎድለውንም እህሉ ይሞላለታል። ለሕፃን የሚሠራው ምጥን በዚሁ ሥርዓት ይዘጋጃል። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ለየብቻ ይቆላል፤ ጥራጥሬው ይከካል፤ ከዚያም በአንድነት ይፈጫል። እስከ 6 ወር ሕፃኑ የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ፤ ከ6 ወር በኋላ ግን ጡቱ ሳይቋረጥ ይህ የምጥን ገንፎ ይጀመርለት።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ገንፎው ሲወፍር ሕፃኑ መዋጥ ያቅተዋል፤ በውኃ ሲቀጥን ደግሞ ትንሿ ሆዱ ውኃ ተሞልታ ልጁ ሳይጠግብ ይቀራል። መፍትሔው ብዙ ቤት አለ፤ ብቅል ነው! ገንፎውን ወፍራም አድርጋችሁ ካበሰላችሁ በኋላ ከእሳት አውርዱትና ትንሽ በረድ ሲል አንድ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት አማስሉበት። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚሰባብረው ገንፎው ውኃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል። ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ አፍሉት፤ ብቅል ሲዘጋጅ ንጽሕናው ሊጓደል ይችላልና። ብቅልን ለጠላ ብቻ የሚያውቁ ወገኖች በዚህ መገረማቸው አይቀርም።

ስለ ብረት ማዕድን ጥቂት እንበል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን መቡካቱ በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲያገኘው ይረዳል። በምስር ወይም በሽሮ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያ መብላትም እንዲሁ ነው። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡር እናት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ትቆይና ቡናዋን ትጠጣ።

ስለ ጓያ ማስጠንቀቅ አለብን። ጓያ ድርቅን ስለሚችል በችግር ዘመን ብቻውን በሕይወት የሚቆምበት ጊዜ አለ። ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። የሚበላው ሌላ ከሌለ በብዙ ውኃ አሳድራችሁ ውኃውን ድፉ፤ ከሌላ እህልና ጥራጥሬ ጋርም ቀላቅሉት። ይህም አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ጓያ በሚዘራበት አካባቢ ያላችሁ ሠራተኞች ይህን ሳትናገሩ አትለፉ።

በመጨረሻ ወደ መሶቡ እንመለስ። አባትና እንግዳ ቀድመው፣ ልጆች ተከትለው፣ እናት መጨረሻ ላይ በምትመገብበት ቤት ማሳው ቢሞላም ልጅ ሊከሳ ይችላል። ታናሹ ልጅ ከታላላቆቹ ጋር እሽቅድምድም አይችልም፤ የራሱ ሳሕን ይኑረው። ቤተሰቡ አንድ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ምግቡ ከምግብነት ያለፈ ይሆናል። ልጆች የባቄላ እሸት ሲፈለፍሉ፣ አባት የበቆሎ እሸት በፍሙ ላይ እያገላበጠ ሲጠብስ፣ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በሰፌድ ሲቀርብ ብስኩቱን የሚያስታውስ ማን አለ?

ለጉባኤ ጥናት፦ በአካባቢያችሁ በዚህ ወር ከጓሮና ከማሳ የሚደርሰው ምንድን ነው? ከእርሱ ውስጥ ወደ ገበያ የሚሄደው የትኛው ነው? ለልጆች የሚቀረውስ? በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከገዛ እርሻው የተሠራ አንድ ድስት ይዞ ይምጣ፤ አሠራሩንም ያበሰለው ሰው ራሱ ለሌሎች ያስረዳ። አባቶችም ጭምር።