ቤትን ስለ መመርመር፤ ከአደጋ ስለ መጠበቅና ማገዶን ስለ መቆጠብ

ሰው በሬ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ይመለከታል፤ ትከሻውን ይዳስሳል። በቅሎ ሲገዛም አስኪዶ ያያል። ዕድሜውን ሁሉ የሚያድርበትን ቤት ግን አንድ ጊዜ ከሠራው በኋላ፥ ጣሪያው እስኪያፈስ ወይም ግድግዳው እስኪያዘነብል ድረስ፥ መለስ ብሎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ቤትም እንደ ከብት ያረጃል፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ የሚመጣ ስለ ሆነ ከነዋሪው ዓይን ይሰወራል።

የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። ቤትን ከአደጋ የሚያድን ጥገናና ማገዶን የሚያተርፍ ጥገና ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች አይደሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። ጭሱን የሚያስወጣ ምድጃ እንጨትም ይቆጥባል፤ ብርድ የሚከለክል ምርጊት ግድግዳንም ያጸናል። ስለዚህ ቤቱን በሚገባ የመረመረ ሰው ጤናውንና ሀብቱን በአንድነት ይጠብቃል።

ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርስዋ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የአምባሰል ተራሮች አሉ። በዚህ አገር ቆላውና ደጋው ተቀራራቢ ነው፤ አንዱ ቤት በሙቀት ሲቸገር ሌላው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይንቀጠቀጣል። የበልግም የክረምትም ዝናብ ስለሚዘንብ ግድግዳና ጣሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናሉ።

ጥበቃ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚሰጥ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅርስ የሆነው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብራና እሳትም፥ እርጥበትም፥ ምስጥም የሚያጠፋው ነገር ሆኖ ሳለ ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠባቂ ስላላጣ ነው። ለመጽሐፍ የተደረገው ጥንቃቄ ለሕፃናት ማደሪያ ሊነፈግ አይገባም።

1ኛ፤ ስለ ምድጃ

ምርመራ የሚጀመረው ከምድጃ ነው፤ የቤት እሳትም፥ ጭስም፥ የማገዶ ወጪም መነሻቸው እርሱ ነውና። በ3 ጉልቻ ላይ በሚነድ እሳት ከእንጨቱ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከ10 እጅ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በዙሪያው በንፋስ ይበተናል። እናት ከተራራ ተሸክማ ካመጣችው ሸክም ትልቁ ክፍል አየር ለማሞቅ ይውላል ማለት ነው። በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው።

ስለዚህ ምክንያት በ1980ዎቹ ዓመታት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አዘጋጁ። እርሱም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አሸዋ በቅርጽ እየተሠራ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከብበው ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ይሄዳል፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ከማገዶው እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ምጣዱን በድንጋይና በጭድ በተቦካ ጭቃ ይክበበው፤ በፊት ለማገዶ፥ በኋላ ለጭስ ቀዳዳ ይተውለት፤ ጭቃውም ፈጽሞ ሳይደርቅ እሳት አያንድበት፤ ይሰነጠቃልና።

ምድጃውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ሌላ ጥቅም አለው። ገና መዳህ የጀመረ ሕፃን መሬት ላይ ባለ ፍም ወይም በረመጥ ውስጥ እጁን ይከታል፤ የጣዱት ድስትም ይገለበጥበታል። ምድጃው ከፍ ካለ እናት ከማጎንበስ ታርፋለች፤ ሕፃኑም ከመቃጠል ይድናል።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችም አሉ። እንጨትን ፈልጦ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ ማድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ጉልበቱን የራሱን ውኃ ለማትነን ይጨርሳልና። ድስትን ከድኖ መቀቀል፤ ባቄላና ሽምብራን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፤ እንጀራን ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ በአንድነት መጋገር። ኩበት ማንደድንም በተቻለ መጠን መቀነስ ይገባል፤ ኩበት በምድጃ ሲነድ እርሻው ፍግ ያጣል፤ ዛሬ የነደደው የከርሞ እህል ነው።

2ኛ፤ ስለ ጭስ

ጭስ ዓይን ከማስለቀስ የባሰ ጉዳት አለው። በውስጡ ያለው ረቂቅ ጥቀርሻ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ሕፃናትን የሳንባ ምች ያስይዛል፤ በአዋቂዎችም ላይ ሥር የሰደደ የሳንባና የልብ ሕመም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ በመጣ ጠንቅ እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ሽማግሌዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር አለ። ጭስ የሣሩን ክዳንና የጣሪያውን እንጨት ከተባይና ከመበስበስ ይጠብቃል ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ መምህሩም ሊክደው አይገባም። ዳሩ ግን እንጨት ይተካል፤ የልጅ ሳንባ አይተካም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ መፈለግ ይሻላል። ማድ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ መሥራት፤ ይህ ባይቻል ከምድጃው በላይ ወደ ጣሪያው በተጠጋ ግድግዳ ላይ መውጫ መክፈት፤ ክዳኑን ማጠን ካስፈለገም ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው በደጅ ሆኖ እየጠበቀ ማጠን። የቋሚውን እግር ከምስጥ ለማዳን ደግሞ በአፈር ከመቅበር ይልቅ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ከጭስ ይበልጥ ይረዳል።

ከሚታየው ጭስ ይልቅ የማይታየው ይከፋል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምና ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ብርድ ሲበረታ ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ፥ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ እነዚህ የተሰሙት ሰው ወዲያው ወደ ደጅ ይውጣ። ቡናም ሲፈላ በር ይከፈት፤ ማንደጃውም ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

3ኛ፤ ስለ እሳት አደጋ

መርማሪው በምድጃው አጠገብ ቆሞ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይመልከት። ከበላዩ የተንጠለጠለ ሣር ወይም የጥቀርሻ ክምር አለን? በአጠገቡ ጭራሮ፥ አገዳ ወይም ጭድ ተከምሯልን? ኩራዙ ከግድግዳው ወይም ከአጎበሩ ምን ያህል ይርቃል? በሩስ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ፈጥኖ ይከፈታልን? አመድ የሚደፋበት ጉድጓድ ከቤትና ከክምር ራቅ ይበል፤ የሞተ የመሰለ ረመጥ ንፋስ ባገኘ ጊዜ ይነሣልና። በቤቱም ሁልጊዜ አንድ እንስራ ውኃ ወይም ደረቅ አፈር አይታጣ። በፀሐይ የሚሞላ መብራት ማግኘት የቻለ ቤተሰብ ኩራዝን ቢተው እሳቱንም፥ ጥቀርሻውንም፥ የጋዙንም ወጪ በአንድነት ይገላገላል።

ሰው በተቃጠለ ጊዜ ቁስሉን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ቅቤ፥ ጭቃ፥ እበት ወይም ሊጥ መቀባት ቁስሉን ያመረቅዘዋል።

4ኛ፤ ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ

ወሎ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ አገር ስለ ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አያጣውም። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወድቀዋል። ሰውን የሚገድለው መሬቱ ሳይሆን የሚወድቀው ቤት ነው፤ ይልቁንም ማሰሪያ የሌለው ከባድ የድንጋይ ግድግዳ።

ስለዚህ መርማሪው የምሰሶውንና የቋሚዎቹን እግር በቢላዋ ጫፍ ወጋ ያድርግ፤ ቢላዋው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ማገሩና ወጋግራው የታሰሩበትን ልጥ ወይም ሚስማር ይፈትን። በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካለ ጫፉን በከሰል ምልክት አድርጎበት ከአንድ ወር በኋላ ይመለስ፤ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ መሠረቱ ይታይ። ከመኝታ በላይ ከባድ ዕቃ አይሰቀል። በቤቱ ዙሪያ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ከክረምት በፊት ይጠረግ፤ በገደል ሥር ያለ ቤትማ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ያድርግ።

5ኛ፤ ሙቀትን ስለ መጠበቅ

የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ቀን ሙቀትን፥ ሌሊት ብርድን ያግዳል። ቆርቆሮ ግን ከእሳትና ከዝናብ ቢሻልም ቀን ፈጥኖ ይግላል፤ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ከሥሩ የሸምበቆ ወይም የእንጨት ርብራብ አድርጎ በቀጭኑ በጭቃ ቢለስነው ብዙ ማገዶ ይተርፈዋል። የጭቃ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን የፀሐይ ሙቀት ለሌሊት ያቆያል፤ ስለዚህ ምርጊቱ በየዓመቱ በጭድና በጭቃ ይታደስ። መስኮት በምሥራቅ በኩል ቢከፈት የጠዋት ፀሐይ ብርሃንንም ሙቀትንም ያለ ዋጋ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብርድ ስንጥቅን መድፈን ይገባል፤ የጭስ መውጫን መድፈን ግን ፈጽሞ አይገባም። በውስጡ እሳት የሚነድበት ቤት ይበልጥ በተደፈነ ቁጥር ይበልጥ መውጫ ይሻል።

6ኛ፤ ስለ ኤሌክትሪክ

የኤሌክትሪክ መብራት በገባበት ቤት ምርመራው በሽቦው ላይም ይደረግ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ለአምፑል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ቢሰካ ሽቦው ግሎ ቤቱን ያነዳል። ስለዚህ ለምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ማቋረጫ በባለሙያ እጅ ይዘርጋ። የተላጠ ሽቦ፥ የሚሞቅ ሶኬት፥ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያለ መስመር ሳይዘገይ ይጠገን። የቀድሞው አምፑል በ60 ዋት ይሰጥ የነበረውን ብርሃን አዲሱ ኤልኢዲ የሚባለው በ10 ዋት ያህል ይሰጣል።

ምርመራው እንዴት ይደረግ?

በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ መጸዳጃ፥ ከብትን ከሰው ማደሪያ ስለ መለየት ሲያስተምሩ ቆይተዋል። መምህሩና ሽማግሌዎች የእነርሱ አጋዥ ሆነው ይሥሩ።

ምርመራ በዓመት 2 ጊዜ ይደረግ፤ አንዱ በግንቦት ከክረምት በፊት፥ ሁለተኛው በጥቅምት ከብርዱ በፊት። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ሕንፃና የመምህሩ ቤት ይመርመሩ፤ የራሱን ጣሪያ ሳያይ የሰውን ምድጃ የሚነቅፍ ሰው አይሰማምና። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ወደ ማንም ቤት አይገባም፤ የታየውም ጉድለት በገበያና በዕድር አይወራም። ድኻ ቤቱን ያልጠገነው ስላልወደደ ሳይሆን ስላልቻለ ሊሆን ይችላል።

አስቀድማ የምትጠየቀው የቤቲቱ እመቤት ናት። አባወራው ብዙ ጊዜ ስለ ጣሪያው ያስባል፤ ጭሱ የሚገባውም፥ እሳቱ የሚፈናጠረውም፥ እንጨቱ የሚከብደውም በእርስዋ ላይ ነው። ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ከአዲስ ቆርቆሮና ከምድጃ የቱ ይቅደም የሚለው ምክር ያለ እርስዋ ቃል አይቈረጥ።

የተገኘው ሁሉ በ3 ረድፍ ይጻፍ፤ በ1ኛው አደጋው፥ በ2ኛው ጥገናው፥ በ3ኛው የሚሠራው ሰውና ቀኑ። ከዚህም ያለ ገንዘብ የሚሠራው በዚያው ሳምንት ይሠራ፤ ጉልበት የሚጠይቀው በወንፈል ወይም በደቦ ይታገዝ፤ ገንዘብ የሚጠይቀው እስከ መከር ይቆይ። ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ግን፥ እንደ በሰበሰ ምሰሶና እንደ ተላጠ ሽቦ ያለው፥ መከርን አይጠብቅም።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በ3 ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?
2. ጭስ ለሣር ክዳን የሚሰጠው ጥቅም ምንድን ነው? ያለ ጭስስ ክዳንንና እንጨትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?
3. በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ስለ ምን ያስፈራል?
4. የብርድ ስንጥቅን ስንደፍን መተው የሚገባን ቀዳዳ የቱ ነው?
5. ዛሬ ማታ በቤታችሁ ያለ ገንዘብ ሊታረም የሚችል አንድ አደጋ ፈልጋችሁ፥ ከወላጆቻችሁ ጋር ተማክራችሁ አርሙ፤ ነገም በክፍል ተናገሩ።