ስለ ወይን ተክልና ስለ ሐረር ደጋ

የወይን ተክል ብርድና ሙቀት በልክ ሲሆኑለት ፍሬው ይጣፍጣል። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ብትሆንም፥ 1,000 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ1,800 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ሐረር ነፋሻ ናት።

ነገር ግን የወይን ሥራ ትዕግሥት ይሻል። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ዘጠኝ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በ1949 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ወይን ያስተከለው በ2007 ሲሆን፥ ጠጁን ለገበያ ያቀረበው በ2014 ነው። ባለጠጋው ኩባንያ ሰባት ዓመት ከጠበቀ፥ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ በአንድ ጊዜ ወይን ሊተክል አይገባውም፤ በጓሮው ጥቂት ሐረግ ተክሎ ሥራውን ይማር። ፍሬ የሚገኘው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው።

በፈረንጅ አገር የበረዶው ወራት ተክሉን ያሳርፈዋል። በእኛ አገር ግን ገበሬው ራሱ ውሃውን ቀንሶ ቅርንጫፉን በመግረዝ ሊያሳርፈው ይገባል።

በሐረር ሃይማኖቱ መጠጥ የማይፈቅድለት ሕዝብ ብዙ ስለሆነ፥ ፍሬው አስቀድሞ ለመብልና ለዘቢብ ቢታሰብ ይሻላል፤ የጠጁ ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ውሃ ነው። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቋል። ኋላ ውሃው ቢመለስም፥ ያለ ልክ መቅዳት ምን እንደሚያስከትል አስተምሯል። ስለዚህ የወረዳ ሹም ችግኝ ከማደሉ በፊት ጕድጓዱንና ምንጩን ይመርምር፤ ውሃ ለሌለው መሬት የታደለ ችግኝ ለገበሬው ዕዳ እንጂ ሀብት አይሆንምና።