ለቤታችሁ ውሃ ማንን ትጠራላችሁ?

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ሮቶውም ጀሪካኑም ይሞላል፤ ከዚያ ቀን እየተቆጠረ ይጠጣል። ልጅ ሆዱን ሲያመው «ውሃው ነው» እንላለን፤ የትኛው ውሃ እንደሆነ ግን አንጠይቅም። ባለሙያ ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን ለዩ።

1. ውሃ በመጣ ቀን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ከሮቶውና ከጀሪካኑ በሦስት ብርጭቆ ቅዱ። ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ፣ አሽቱ። የክሎሪኑ ሽታ ከቧንቧው እያለ ከሮቶው ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ ግቢያችሁ ይዞራል። ጥርት ማለቱ ግን አያዘናጋችሁ፤ ተህዋሲያን በዓይን አይታዩም።

2. ከቆጣሪው ጀምሮ ከደፈረሰ ወደ ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆጣሪ ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ ጎረቤትም ይዛችሁ። በፈረቃ ባዶ የሚያድር መስመር በስንጥቁ በኩል ከውጭ ቆሻሻ ሊስብ ይችላል።

3. ነገሩ ከቤት ከሆነ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ። ጀሪካኑን፣ መቅጃውን፣ የሮቶውን ክዳን አሳዩአት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከነጣት ውሃው ውስጥ የሚገባው ኩባያ ነው።

4. ምርመራ ካስፈለገ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ በድሮ አጠራሩ ሳኒታሪያን፣ ፈልጉ። ጎንደር ለዚህ ሙያ ባዳ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ሳኒታሪያኖችን ያሠለጠነ ቤት ነው። የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍሉን ጠይቁ፤ እነሱ ባይመረምሩ እንኳ የሚመረምረውን ያውቃሉ።

ሙያውን የምትለዩት በአሠራሩ ነው። የሚያውቅ ሰው ቀሪ ክሎሪኑን እዚያው ቆሞ ይለካል፤ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ቢያገኝ ጥሩ ነው። ለተህዋሲያን ምርመራ የሚቀዳው ከተህዋሲያን በጸዳና በታሸገ ጠርሙስ ነው፤ በረዶ ላይ አስቀምጦ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ያደርሰዋል። ውጤቱ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ ዜሮ መሆን አለበት። በሃይላንድ ኮዳ ልቅዳ የሚላችሁን አመስግናችሁ ሸኙት። ትንሽ መሣሪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጥር እያሳየ ማጣሪያ የሚሸጠውንም እንዲሁ፤ ያ ቁጥር የሟሟ ጨውን እንጂ ተህዋሲያንን አይቆጥርም።

ውጤቱ እስኪመጣ አፍሉ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

5. የቧንቧ ሠራተኛው ተራ አሁን ነው። ሮቶው ታጥቦ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ በክሎሪን ታክሞ ሲያበቃ፣ ያንኑ ባለሙያ ከዚያው ቧንቧ ዳግም አስለኩ።